ቢጫው ጠብታ

ስልኩ ሲጠራ ኢንስፔክተሯ ቁርሷን እንኳ አልጨረሰችም ነበር። የደወለው የጣቢያው ተረኛ ፖሊስ ነው፤ ድምፁ ሥራው ያለቀለት ሰው ድምፅ ነው።

«የዓይን ክሊኒኩ ባለቤት ሞተው ተገኙ። ማታ መብራት ጠፍቶ አልነበር? በጨለማ ከደረጃ ወድቀው ነው። እርስዎ ብቅ ብለው ይፈርሙልንና አስከሬኑን እናንሳ።»

«እኔ ሳልደርስ ማንም እንዳይነካቸው።»

«ኧረ ተራ አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«ተራ ከሆነ ምን አስቸኮለህ?» ብላ ዘጋችው።

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ወንፊት» ነው የሚሏት። ሃምሳ ዓመት የተጠጋት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲያወራላት ራሷን የምትነቀንቅ ሴት ናት፤ የተናገረ ሁሉ ያመነችው ይመስለዋል። እሷ ግን የሰማችውን ሁሉ ታንገዋልለዋለች። ገለባው ከላይ ይቀራል፣ ዱቄቱ ከሥር ይወርዳል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለእሷ የሥራ መመሪያ ነው።

ክሊኒኩ ጠባብ ባለ ፎቅ ቤት ነው። ከምድር ቤት ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ በግቢው በኩል ከላይ እስከ ታች መስታወት ስለሆነ፣ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ከውጭ ይታያል። ሟቹ ከደረጃው ግርጌ ተዘርግተዋል። ስልሳ ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው፤ ሠራተኛው «ትልቁ ዶክተር» ይላቸው ነበር። በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ጭንቅላታቸው ወለሉ ላይ፣ እግራቸው ገና ደረጃው ላይ ነው።

ኢንስፔክተሯ ቁጢጥ አለች። ተረኛው ፖሊስ ከኋላዋ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«አንተ፣ ደረጃ ስትወርድ ብትደናቀፍ በምንህ ትወድቃለህ?»

«በግንባሬ፣ ምናልባት።»

«እኚህ ሰው በማጅራታቸው ነው የወደቁት። ፊታቸውን ወደ ላይ አዙረው ነበር ማለት ነው። ከላይ የሚታይ ነገር ነበር።»

ኪሳቸውን ዳበሰች። ስልካቸው እዚያው አለ። በጨለማ ደረጃ የሚወርድ አዛውንት የስልኩን ባትሪ ሳያበራ ኪሱ ይከተዋል? ነገሩ አልዋጥላት አለ። ቀጥላ ቀኝ እጃቸውን አነሳች፤ የጣቶቻቸው ጫፍ እርድ የነኩ ይመስል ቢጫ ነው። ከቦርሳዋ ነጭ የፋሻ ቁራጭ አውጥታ ጠረገችውና ፋሻውን በእጇ እንደያዘች ፎቁን ወጣች።

ላይ ሦስት ክፍሎች አሉ፤ የሟቹ ቢሮ፣ የተቆለፈ የመድኃኒት ማከማቻ፣ የሕክምና ክፍል። የሕክምና ክፍሉ መጋረጃ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። መሃል ላይ አልጋ አለ፤ አልጋው ባዶ ነው። ከትራሱ በላይ ግን በረጅም ክንድ የተንጠለጠለ መብራት ሐምራዊ ብርሃኑን ባዶው ትራስ ላይ ያፈሳል። መብራቱ ሲጠፋ ማብሪያውን ማንም አላጠፋውም፤ ሲመለስ ራሱን አብርቷል።

ኢንስፔክተሯ ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ። በእጇ ያለው ፋሻ፣ ቢጫው ነገር ባረፈበት ቦታ ብቻ፣ ቦግ ብሎ አረንጓዴ ብርሃን አወጣ። እጇን መለስ ስታደርገው ጠፋ፤ ስታቀርበው አበራ።

ዞር ብላ አየች። ተረኛው ፖሊስ ገና ደረጃውን እያለከለከ ይወጣል። ፋሻውን አጠፈችና ኪሷ ከተተችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

መጀመሪያ የጠራችው አስከሬኑን ያገኘውን ዘበኛ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጥ ብሎ ስለሚራመድና አሮጌ የወታደር ካፖርት ስለሚለብስ፣ ጦር ሜዳ ረግጦ ባያውቅም «ሻምበል» ይሉታል።

«እስቲ ሻምበል፣ ትናንት ማታ ያየኸውን ንገረኝ።»

«መብራት እንደ ጠፋ የጎረቤት ጄኔሬተር ተነሳ፤ እሱ ከተነሳ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም። ትንሽ ቆይቶ በደረጃው መስታወት ሁለት ባትሪ ሲወርድ አየሁ።»

«ሁለት?»

«ሁለት። ጎን ለጎን። ሁለት ሰው ነዋ! አንድ ሰው ለምን በግራ በቀኝ ባትሪ ይይዛል?»

«መልካቸውስ?»

«እሱ አልታየኝም። በእኔ በርም አልወጡ፤ ሠራተኛው በኋላ በር ነው የሚወጣው፣ ሁሉም ቁልፍ አለው። ትልቁ ዶክተር ደግሞ አንዳንዴ ቢሯቸው ያድራሉ ብዬ ተውኩት።» ዓይኑን በጣቱ አንጓ እሽት እሽት አደረገው። «ወጣ ብዬ ባይ ኖሮ...»

ወሬ ክንፍ አለው። ቀኑ ሳይጋመስ «ሁለት ሰዎች» የሚለው ነገር ክሊኒኩን አዳረሰው፤ ሰዉም እርስ በርሱ በጎሪጥ ይተያይ ጀመር።

የሟቹ ባለቤት በእንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በሽተኛ ተቀብለው ካርድ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። እንባቸው ደርቋል፤ የቀራቸው ቁጣ ነው።

«ማታ አልመጣ ሲል ደወልኩ፤ አላነሳም። እንደ ልማዱ እያነበበ አድሯል አልኩ። ምን ላድርግ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወጣቷን ሐኪም ጠይቋት። ትናንት ከሰዓት ‹የልጆቹን ዓይን እያጠፋሽ ነው!› ብሎ ሲጮህባት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር እንዲያ ሲጮህ የሰማሁት ትናንት ብቻ ነው።»

«እሷስ ምን መለሰች?»

«ምን ትመልሳለች? እያለቀሰች ወጣች። ከዚያ ከጎረምሳው ነርስ ጋር ሹክሹክ ሲሉ አየኋቸው። ሁለት አይደሉ? ዘበኛው ያለው ሁለት አይደል?»

ወጣቷ ሐኪም ምርመራ ክፍሏ ውስጥ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ጠበቀቻት። ክሊኒኩ ከገባች ዓመት አልሞላትም። የትልቁ ዶክተር እጅ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ፣ በመብራቱ የሚሰጠውን ሕክምና የምትሠራው እሷ ናት።

«ልጄ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «እኔ ከዓይን የማውቀው ማየቱን ብቻ ነው። እስቲ ለአላዋቂ እንደሚነገር አድርገሽ ንገሪኝ፤ እዚህ ምንድን ነው የምታክሙት?»

«ብዙ ነገር። የእሳቸው ሙያ ግን የኮርኒያ መሳሳት ነበር። ኮርኒያ የዓይን መስኮት በሉት፤ ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን። አንዳንድ ሰው ላይ፣ በተለይ በጉርምስና፣ እየሳሳ ይሄዳል። የሳሳ ነገር ከውስጥ ሲገፋ ይሾላል። ክብ የነበረው እንደ ቆብ ጫፍ ይሆናል። ያን ጊዜ መነፅር ቢለዋወጥ አይረዳም። ፊደል ይጋረዳል፣ አንድ መብራት ሁለትና ሦስት ሆኖ ይታያል፤ አንዱን ዓይን ቢሸፍኑት እንኳ። ዓይን ማሸት ደግሞ ያብሰዋል።»

«ኋላስ? ይታወራል?»

«ከጠና ዓይን ላይ በሚደረግ ጠንካራ ሌንስ እንዲያይ እናደርገዋለን፤ ካልሆነ ከሞተ ሰው የተወሰደ ኮርኒያ ይተከላል። ቶሎ ከተደረሰበት ግን ይቆማል። ዓይኑን ቢጫ የቫይታሚን ጠብታ እናጠጣውና በሐምራዊው መብራት እናበራበታለን። ጠብታውና ብርሃኑ ሲገናኙ የኮርኒያው ክሮች ይተሳሰራሉ፤ ይጠነክራል።»

«ጠብታው ባይኖርስ?»

«መብራቱ ብቻውንማ አያጠነክርም። እንዲያውም ብርሃኑን አስቀርቶ የዓይኑን ውስጥ የሚጠብቀው ጠብታው ነው፤ ያለ እሱ ይጎዳል።»

«ታዲያ ለምን ጮኹብሽ?»

ወጣቷ ሐኪም ከንፈሯን ነከሰች። «አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለች። ካከምኳት ወዲህ መሳሳቱ መቆም ነበረበት። ትናንት ለክትትል መጥታ ስትለካ ብሶባታል። ሌሎችንም አነሱብኝ። ሥራውን አበላሽተሻል አሉኝ። እኔ ግን ያስተማሩኝን አንድም አላጓደልኩም።»

«ያ ጠብታ መብራቱ ሥር ምን ይመስላል?»

«ምን ይመስላል ማለት?... ቢጫ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ራሷን ነቀነቀች። ኪሷ ውስጥ ያለው ፋሻ የሚፋጅ መሰላት። ይህች ልጅ ወይ አንደኛ ውሸታም ናት፣ ወይ ጠብታው ሲያበራ በሕይወቷ አይታ አታውቅም።

«ማታ ከማን ጋር ወጣሽ?»

«ብቻዬን።»

የመለሰችው ቶሎ ነው። በጣም ቶሎ።

ነርሱ ጎረምሳ፣ ተጫዋች፣ ዛሬ ግን ቀልዱ የጠፋበት ሰው ነው። እሱም «ብቻዬን ወጣሁ» አለ። ኢንስፔክተሯ «ወጣቷ ሐኪምም ይህንኑ ነው ያለችው፤ እንዳንተው ቶሎ» አለችው። 

«እሺ፣ ከእሷ ጋር ነበርኩ» አለ በመጨረሻ። «መብራት ሳይጠፋ ወጥተን ካፌ ተቀምጠን ነበር፤ አስተናጋጁን ይጠይቁ። ልንጋባ ነው። ማናጀሩ በሥራ ቦታ እንዲህ ያለ ነገር ካየ እንደሚያባርረን ነግሮናል፤ ስለዚህ ተደበቅን። አሁን ደግሞ ይኸው ለሰሚው ግራ ሆነ።»

«ካፌው ምን ያህል ይርቃል? መንገዱን ተሻግራችሁ መመለስ አያቅታችሁም።»

«እውነትዎን ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን አላምንም።»

«ጠብታውን የምታዘጋጀው አንተ ነህ አሉ።»

«ማናጀሩ ከነማሸጊያው ይሰጠኛል፣ ከፍቼ አደርጋለሁ፣ ከዚያ እወጣለሁ። ያ ብርሃን ለዓይኔ አይስማማኝም።»

«ትልቁ ዶክተር ትናንት ጠብታ ነክተው ነበር?»

«እሳቸው? ከተዉት ቆዩ እኮ። ድሮ ከገባው ጠብታ ግን አንድ ጠርሙስ በፎይል ጠቅልለው መሳቢያቸው ውስጥ ያስቀምጡ ነበር፤ ለናሙና።»

ቢሮው ገብተው መሳቢያውን ከፈቱት። የተጨማደደ ፎይል አለ። ጠርሙሱ የለም።

የቀረው ማናጀሩ ነው፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም። ሁልጊዜ ለሥራ የሚለብሰውን ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ዓይኖቹ ፍም መስለው፣ አንዴ ከቀባሪ ጋር አንዴ ከዘመድ ጋር በስልክ ሲነጋገር ቆይቶ መጣ።

«ጋሼ ለእኔ ወንድም ብቻ አልነበሩም» አለ። «አባታችን ሲሞት ገና ሕፃን ነበርኩ፤ አሳድገው፣ አስተምረው፣ እዚህ ያስቀመጡኝ እሳቸው ናቸው። ማታ ደህና እደሩ ብያቸው ነው የወጣሁት። መብራት የጠፋው ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

«እኔ በሰው ነፍስ አልገባም። ዘበኛው ሁለት ሰው አየሁ አለ አሉ። እዚህ ቤት ሁለት ሆኖ የሚሄደውን ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። ከዚህ በላይ አያናግሩኝ።»

«የማከማቻው ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?»

«አንድ ነው፤ ከእኔ አይለይም። በመድኃኒት ቀልድ የለም።»

«እንግዲያው አንድ ያልተከፈተ የቢጫ ጠብታ ሳጥን ይስጡኝ።»

ማናጀሩ ቁልፉን ከኪሱ አላወጣም። «ከተከፈተ ይበላሻል፤ በሽተኛ ይጠብቀዋል።»

«ሳይከፈት ነው የምወስደው» አለች በለሰለሰ ድምፅ። ማናጀሩ ቁልፉን መጀመሪያ ገልብጦ አስገባው። ሐዘንም ሰው ያሳስታል፤ ገለባና ዱቄቱ ገና አልተለየም።

ስትወጣ ዘበኛው በሩ ላይ ነበር። ተሰናብታ ካለፈች በኋላ ቆም አለች። ከመንገዱ ማዶ የፋርማሲ ሰሌዳ አለ።

«ሻምበል፣ እዚያ ማዶ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው? መነፅሬን ትቼ መጣሁ።»

ዘበኛው አንገቱን ወደ ጎን ሰበር፣ ዓይኑን ጨፈን አደረገ። «ያው... ፋርማሲ ነው እንጂ።»

«ፋርማሲ መሆኑንማ ሁላችን እናውቃለን።»

ይዛው የጥበቃ ቤቱ ውስጥ ገባች። በሩን ዘጋች፣ መስኮቷንም በካፖርቱ ጋረደች፣ ጥግ ላይ ሄዳ የስልኳን ባትሪ አበራች። «ስንት ባትሪ ይዣለሁ?»

ዘበኛው ወደ ተዘጋው በር ዞረ።

«ሻምበል፣ ሰው ሞቷል።»

«ሁለት» አለ። «ከሥር ደግሞ ደብዘዝ ያለ ሦስተኛ አለ።»

«አንድ ዓይንህን ሸፍን። አሁንስ?»

«ያው ነው።»

ኢንስፔክተሯ ባትሪውን አጥፍታ በሩን ከፈተች። ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ያያል።

«ለማንም አይንገሩብኝ፣ በፈጠረዎት። ከጉርምስናዬ ጀምሮ እየባሰብኝ ነው። ጨረቃ ለሌላው ሰው አንድ ናት፤ ለእኔ እንደ ወይን ዘለላ ናት። ግን ዘበኛ የሚቀጠረው ለዓይኑ ነው፤ የዓይን ክሊኒክ ዘበኛ ዓይኑ አያይም ቢባል ማን ያስጠጋኛል?»

«ይህን ሁሉ ዓመት የዓይን ሐኪም በር ላይ ቆመህ!»

«ሁሉም እያዩኝ ነው የሚያልፉት» አለ። «የሚያየኝ የለም እንጂ።»

ኢንስፔክተሯ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ወጣች። በመኪናዋ ውስጥ ብዙ ተቀመጠች። ሁለት ሰው ፍለጋ የሄደ ሁሉ ጅራቱን እንደሚያሳድድ ውሻ መዞሩ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም የሕክምና ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሟቹ ባለቤት ወንበር ላይ፣ ማናጀሩ ከጎናቸው፣ ወጣቷ ሐኪምና ነርሱ በግድግዳው በኩል፣ ዘበኛው በሩ ላይ፣ ተረኛው ፖሊስ ከዘበኛው ኋላ። ማናጀሩ ጥቁር ኮቱን አላወለቀም።

«በሐዘን ላይ ያለን ሰው እንዲህ መሰብሰብ ምን ይባላል?» አለ።

«ሐዘኑ አያጥርም፤ እኔ የምለው ግን አጭር ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ትልቁ ዶክተር ተደናቅፈው አልወደቁም፤ ወደ ኋላ ነው የተጣሉት። ስልካቸው ኪሳቸው ነበር። በጨለማ ደረጃ ላይ የራሳቸውን ባትሪ ያላበሩት፣ ሌላ ሰው ስላበራላቸው ነው። የሚያምኑት ሰው።»

«ሁለት ሰዎች» አሉ ባለቤታቸው፣ ወጣቷን ሐኪም በዓይናቸው እየወጉ።

«አንድ ሰው፣ እመቤት። ሻምበል ይቅር ይበለኝና፣ እሱ አንዱን መብራት ሁለት አድርጎ የሚያይ ሰው ነው። አልዋሸንም፤ ዓይኑ የሰጠውን ነው የተናገረው። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ ዓይኑ ከታመመ ግን ፍርዱም ይታመማል።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። ወጣቷ ሐኪም ዘበኛውን ትኩር ብላ አየችው፤ ያን ቀጥ ያለ ሰው፣ ያን ወደ ጎን ሰበር ያለ አንገት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሁለተኛው ነገር ጣታቸው ነው። ቢጫ ነበር። ዶክተር፣ መብራቱን አብሪልኝ።»

«ወደ ብርሃኑ ቀጥታ አትመልከቱ» አለች ወጣቷ ሐኪም፣ መጋረጃውን ዘግታ መብራቱን እያበራች። ክፍሉ ጨለመና ሐምራዊው ብርሃን ወረደ። ኢንስፔክተሯ ፋሻውን ከሥሩ አደረገች። ቦግ አለ። ከዚያ ከማከማቻው የወሰደችውን ሳጥን ሁሉም እያዩ ማሸጊያውን ቀደደች፣ ከጠርሙሱ ሌላ ፋሻ ላይ አንጠባጠበች፣ ከመጀመሪያው ጎን አስቀመጠችው። ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሙት ቢጫ።

ነርሱ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ፋሻዎች አስተያየ።

«እውነተኛው ቫይታሚን ያበራል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ትናንት ሌላ ሐኪም ጋ ደውዬ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ይህኛው ቀለም የተደረገበት ውሃ ነው። ዶክተር፣ እዚህ ከመጣሽ ጀምሮ የበሽተኛ ዓይን ከዚህ መብራት ሥር ሲያበራ አይተሻል?»

«አላየሁም» አለች ልጅቷ፣ እንባዋ እየወረደ። «መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር እኮ! ግን በእጄ የሠራሁት እዚህ ብቻ ነው። ሳየው ቢጫ ነው፤ እንዲህ ነው መሰለኝ። አልጠየቅሁም።»

«ትልቁ ዶክተር ግን ያውቁ ነበር። የዚያችን ልጅ ዓይን ካዩ በኋላ በአንቺ ላይ ጮኹ፤ ከዚያ ቁጣቸው ሲበርድ ሌላ ነገር ጠረጠሩ። ምሽት ላይ መሳቢያቸው ውስጥ ያለውን የድሮውን ጠብታ አውጥተው፣ ከአዲሱ ጎን እዚህ መብራት ሥር አስተያዩት። ጣታቸውን የነካው ያኔ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ጠርተው አሳዩት። ያ ሰው ጠርሙሱን ይዞ ሄዷል፤ ጣታቸውን ግን ይዞ መሄድ አልቻለም።»

«ነርሱ ነው የሚያዘጋጀው» አለ ማናጀሩ።

«ነርሱ ጋ የሚደርሰው ታሽጎ ነው። አሁን ያየነው ሳጥን ደግሞ ገና ማሸጊያው ሳይነካ ውሃ ነው። የማከማቻው ቁልፍ አንድ ነው፤ ከእርስዎ እንደማይለይ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«የሸጡልኝ ሰዎች አታለውኝ ቢሆንስ? እኔ ሐኪም ነኝ?»

«ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ወደ ኋላ የሚወድቅ ሰው ፊቱ ያለውን ይጨብጣል። ሁላችሁም ተራ በተራ እጃችሁን ከነእጅጌያችሁ ብርሃኑ ሥር አቅርቡ።»

ነርሱ ቀረበ። ነጭ ጋውኑ ከእጅጌው ጀምሮ ሰማያዊ ሆኖ ፈካ፤ የሟቹ ባለቤት «ወይኔ!» ብለው ተነሱ።

«የሳሙና ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ነጭ ልብስ ሁሉ ያደርገዋል። አረንጓዴ ነው የምፈልገው።»

የወጣቷም እንዲሁ ሰማያዊ ሆነ፤ የዘበኛው ካፖርት ላይ ምንም አልታየም። የቀረው ማናጀሩ ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «በዚህ የልጅ ጨዋታ አልገባም። ወንድሜ ሞቶብኝ...»

«አሳያት እንጂ!» አሉ የሟቹ ባለቤት። «ምን ትሆናለህ? አሳያትና ነገሩ ያብቃ!» ይህን ብለው፣ ሊያድኑት ፈልገው፣ ክንዱን ይዘው ራሳቸው ወደ ብርሃኑ ሳቡት።

ጥቁሩ ኮት ላይ፣ ከቀኝ ክርኑ ዝቅ ብሎ፣ አራት ጭረቶች አረንጓዴ ሆነው አበሩ። ደብዛዛ ናቸው፤ ጣቶች መሆናቸው ግን አይጠፋም። በቀን ብርሃን ማንም አላያቸውም፣ እሱም አላያቸውም።

ሴትዮዋ የያዙትን ክንድ ለቀቁ። «የእሱ ጣት ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ይዞህ ነበር። እንድትይዘው ነበር የያዘህ።»

ማናጀሩ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ወደ ማንም ሳያይ ተናገረ።

«መድኃኒቱ ከሚመጣበት ጠፋ። ጋሼ ደግሞ ለበሽተኛው ቀን ሰጥተው ነበር። ዕድሜ ልኬን አንድ ነገር ይሳካልህ ሲሉኝ ኖረው፣ አጣሁት ልበላቸው? ለአንድ ሳምንት ብዬ ጀመርኩት። ቫይታሚን ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ቫይታሚን ቢቀር ምን ይጎዳል፣ የሚያድነው መብራቱ ነው ብዬ... ከዚያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ‹ነገ ጠዋት በሽተኞቹን ሁሉ እጠራለሁ፣ አንተም አጠገቤ ትቆማለህ› አሉኝ። ባትሪ እያበራሁላቸው ደረጃው ጋ ደረስን። ዞር ብለው ክንዴን ያዙኝ፤ ‹አይዞህ፣ አብረን ነው የምንናገረው› አሉኝ። ገፋኋቸው።»

«አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም እንዳለው ወዲያው አልሞቱም» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ይተነፍሱ ነበር» አለ። «ተሻግሬያቸው ሄድኩ።»

ተረኛው ፖሊስ ክንዱን ይዞ አስነሳው። ከዘበኛው አጠገብ ሲያልፍ ዘበኛው መንገድ ለቀቀ፤ ቀጥ ብሎ አልቆመም።

ኢንስፔክተሯ ወረቀቶቿን ስትሰበስብ ወጣቷ ሐኪም ዘበኛውን ምርመራ ክፍሏ ወስዳ መሣሪያው ፊት አስቀመጠችው። ቁልቁል እንዲያይ ስትነግረው የታችኛው የዓይኑ ቆብ በሾለው ዓይን ተገፍቶ ጠቆም አለ። ለካችው። ደግማ ለካችው።

«የግራው ሄዷል፤ ጠንካራ ሌንስ ይፈልጋል፣ ምናልባትም ንቅለ ተከላ። የቀኙ ግን ገና ውፍረት አለው፤ እውነተኛው ጠብታ ሲገኝ እናቆመዋለን። ሻምበል፣ እስከዚያ ድረስ ዓይንህን እንዳታሽ። እለምንሃለሁ።»

«ሥራዬስ?» አለ።

«ሥራህን ማንም አይነካብህም» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። የሟቹ ባለቤት ናቸው። ወጣቷን ሐኪም ለአፍታ አዩዋት፤ ይቅርታ ሊሉ ፈልገው ቃሉ አልመጣላቸውም። በምትኩ «የዚያችን ልጅ ዓይን አሁንም ማቆም ይቻላል?» ብለው ጠየቁ።

«ቶሎ ከሆነ። ሌላ ሆስፒታል መድኃኒቱ እንዳለ አውቃለሁ፤ ዛሬውኑ እጽፍላታለሁ። እያንዳንዱ ቀን ግን ይቆጠርባታል።»

ሴትዮዋ ወደ እንግዳ መቀበያው ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ኢንስፔክተሯ ልትወጣ በሩ ላይ ደርሳ ነበር፤ ስልኩ ሲነሳ ስትሰማ ቆመች።

«ሃሎ? የልጅቷ እናት ነሽ?... ከዓይን ክሊኒክ ነው። ልጅሽን ይዘሽ አሁን መምጣት ትችያለሽ?... አይ፣ ቀጠሮዋ አይደለም።» የልጅቷን ካርድ ወደ ራሳቸው ሳቡ። «የሰጠናት መድኃኒት፣ መድኃኒት አልነበረም። ብሶባት የነበረው ለዚያ ነው... አዎ። እኛ ነን ያጠፋነው።»

ከወዲያ በኩል ጩኸት ተሰማ፤ ቃሉ ባይለይም የእናት ጩኸት ነው። ሴትዮዋ ማዳመጫውን ከጆሯቸው አላራቁም። እናቲቱ ጮኻ እስክትጨርስ ድረስ ሰሟት፤ ከዚያ «መኪና ልላክልሽ? ቤትሽ የት ነው?» አሉ።